በዶላር ወይስ በድርሃም? ካርድ ይዞ ከደሴ ለሚወጣ ሰው

ጎረቤቴ ፒያሳ ላይ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ከሁለት ሳምንት በፊት እሁድ ቡና ልትጠጣ መጣች። እጇ ላይ የባንክ ፖስታ ነበር። ውስጡ አዲስ ካርድ አለ፤ ዶላር የተጫነበት። ዕቃ ልታመጣ ዱባይ ልትሄድ ነው። እስከ ዛሬ የምታመጣው ከመርካቶ ነበር፤ ከአገር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

«ወንድምዓለም፣ አንተ ሄደህ ታውቀዋለህ» አለችኝ አቦሉን እየተቀበለች። «ሱቅ ገብተሽ ካርዱን ስትሰጪ በዶላር ነው በድርሃም ብለው ይጠይቁሻል አሉኝ። ካርዱ የዶላር ነው። በዶላር ልበላቸዋ?»

«በድርሃም በይ» አልኳት።

ግራ ገባት። አልፈርድባትም። ዶላር ይዞ ለሄደ ሰው በዶላር ክፈል ሲሉት እሺ ማለት የሚያዋጣ ይመስላል። ግን ገንዘብ ሳይታወቅ የሚያልቀው እዚችው ጥያቄ ላይ ነው። ለንግድም ውጣ፣ ለሕክምናም፣ ለሐጅም፣ ጥያቄዋ ያው ናት። ስለዚህ ለእሷ ያስረዳኋትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

መጀመሪያ አንድ ደረሰኝ ላሳያችሁ። የራሴ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ዱባይ ያደርኩበት ሆቴል ሂሳብ 1,400 ድርሃም መጣ። እንግዳ ተቀባዩ ካርዴን ማሽኑ ውስጥ ከተተ፣ የሆነ ነገር ነካ፣ ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «እዚህ ጋ ፈርም» አለኝ። ወረቀቱ ላይ 400 ዶላር ይላል። ድፍን ቁጥር ነው። ለማሰብም ለማስታወስም ስለሚመች ደስ አለኝና ፈረምኩ። የአውሮፕላን ሰዓት ደርሶብኝ ነበር።

ደሴ ገብቼ ሻንጣ ስፈታ ነው ደረሰኙን በደንብ ያየሁት። 1,400ን ለ400 ሳካፍል 3.50 መጣ። አንድ ዶላር በ3.50 ድርሃም ተመንዝሮብኛል ማለት ነው። የድርሃም ትክክለኛ ተመን ግን 3.6725 ነው። በዚያ ሂሳብ መክፈል የነበረብኝ 381 ዶላር ከ21 ሳንቲም ነበር። 18 ዶላር ከ79 ሳንቲም ሄዷል፤ ለአንድ ፊርማ። ከታች፣ ዓይን በሚያስጨንቅ ጥቃቅን ፊደል፣ የመገበያያ ገንዘብ ምርጫ ቀርቦልኛል፣ ምርጫዬም የመጨረሻ ነው የሚል መልእክት ያለው መስመር አለ። ከሥሩ ፊርማዬ። ምርጫ ያቀረበልኝ ሰው አልነበረም። ወረቀቱ ግን እንዲያ ይላል፣ እኔም ፈርሜያለሁ።

ማን ነው የሚመነዝረው?

ነገሩ እንዲገባን ካርዱ ማሽን ሲነካ የሚሆነውን እንይ። ሱቁ ውስጥ ያለው ፖስ ማሽን የሱቁ ባንክ ነው። ማሽኑ «ይህን ያህል ይከፈለኝ» የሚለውን ጥያቄ ለቪዛ ወይም ለማስተርካርድ ይልካል፤ ካርዱ ላይ ምልክቱ ያለው ድርጅት ማለት ነው። ያ ድርጅት ደግሞ እዚህ አገር ካርዱን ወደ ሰጣችሁ ባንክ ያሻግረዋል። ባንኩ ሂሳቡ ላይ ገንዘብ መኖሩን አይቶ «ይለፍ» ይላል። ይህ ሁሉ ሄዶ የሚመለሰው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነው።

ሱቁ የሚፈልገው ድርሃም ነው። ካርዱ ውስጥ ያለው ዶላር ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ምንዛሪ መኖሩ ግድ ነው። «በዶላር ነው በድርሃም?» የሚለው ጥያቄ ውስጡ ሲታይ «ማን ይመንዝርልሽ?» ማለት ነው።

በድርሃም ካላችሁ፣ ድርሃሙ እንዳለ ወደ ቪዛ ወይም ወደ ማስተርካርድ ይሄዳል። ዶላር የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። የእነሱ ተመን ባንኮች እርስ በርስ በጅምላ ከሚገበያዩበት ዋጋ ብዙም አይርቅም። በየቀኑ ይወጣል፣ ሁለቱም ድረ ገጻቸው ላይ ማንም ሰው የሚያሰላበት ቦታ አላቸው። የተደበቀ ነገር የለውም።

በዶላር ካላችሁ ግን የሚመነዝረው እዚያው ሱቁ ውስጥ ያለው ማሽን ነው። ማሽኑ ከካርዱ የመጀመሪያ ቁጥሮች ካርዱ የት አገር እንደወጣና በምን ገንዘብ እንደሚሠራ ያውቃል። ከዚያ የራሱን ተመን ያቀርባል። በዚያ ተመን ላይ ትርፍ ተጨምሮበታል፤ ብዙ ጊዜ ከ3 በመቶ ይጀምራል፣ አንዳንድ ቦታ ከ10 በመቶም ያልፋል። ትርፉን የማሽኑ ባለቤቶችና ምንዛሪውን የሚያቀርበው ድርጅት ይካፈሉታል፤ ሱቁም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። አንዳንዱ ገንዘብ ተቀባይ «በዶላር ይሻልሻል፣ ወዲያው ታውቂዋለሽ» እያለ የሚያግባባው ለዚህ ነው። የአሠራሩ ስም ዳይናሚክ ከረንሲ ኮንቨርዥን ነው፤ ባጭሩ ዲሲሲ ይሉታል። ባንክ ሄዳችሁ ስትጠይቁ ይህን ስም ብትጠሩ ቶሎ ትግባባላችሁ።

እንግዲህ ወጥመዱ የኢትዮጵያ ካርድ የያዘ ሰው ላይ የሚብሰው እዚህ ጋ ነው። አንድ ፈረንሳዊ ዱባይ ሄዶ «በዩሮ ላድርግልህ?» ሲሉት ቢያንስ ምንዛሪ መኖሩ ትዝ ይለዋል። እኛ ግን ካርዳችን ዶላር ነው። ዶላር ሲሉን «የራሴው ገንዘብ ነው፣ ምንም ምንዛሪ የለም» ብለን እናስባለን። ሱቁ ግን ዕቃውን የሸጠው በድርሃም ነው። ምንዛሪው አለ፤ በማሽኑ ተመን ተሠርቶ ስላለቀ አይታየንም።

ከዚህ የሚብስም አለ። አንዳንዱ ማሽን ካርዱ ከኢትዮጵያ መሆኑን ብቻ ያይና በብር ልቁረጥ ይላል። ብር የአገራችን ገንዘብ ስለሆነ ልብ ያርፋል። ካርዱ ውስጥ ያለው ግን ዶላር ነው። ድርሃሙ በማሽኑ ተመን ብር ይሆናል፤ ብሩ ደግሞ እንደገና ወደ ዶላር ተለውጦ ከካርዱ ይቆረጣል። ሁለት ምንዛሪ፣ ሁለት ጊዜ መቀነስ። ለጎረቤቴ ይህን ሳስረዳት ጀበናው ላይ ሁለተኛው ውሃ እየተጨመረ ነበር። አቦሉ ወፍራም ነው፣ ቶናው ይቀጥናል፣ በረካው ጋ ሲደረስ ቡናው ያው ነው፣ ጉልበቱ ግን የለም። ገንዘብም ከአንዱ ወደ ሌላው በተገላበጠ ቁጥር እንዲያ ይቀጥናል። «በቃ ገባኝ፣ በአቦሉ ልጠጣው» አለች።

3.67 ን በቃል ያዙ

እኛ ወሎዎች እዚህ ላይ አንድ ዕድል አለን። ብዙ ጊዜ የምንሄድባቸው አገሮች ገንዘባቸውን ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን ያሰሩ ናቸው። የኢምሬትስ ድርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.6725 ነው። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 ጀምሮ 3.75 ነው። የኳታር ሪያል 3.64። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ 177.721። ጠዋት ተነስቶ ዜና ማየት አያስፈልግም። ቁጥሩን በቃል መያዝና የስልክ ማስያ ማውጣት ብቻ ነው።

በሳዑዲ ብናየው፣ 1,500 ሪያል ለ3.75 ሲካፈል ድፍን 400 ዶላር ነው። ማሽኑ 420 ዶላር ካላችሁ 20 ዶላሩ የማን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ከኮምቦልቻ በሚሌ አድርገው ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮች ብዙውን ነገር የሚከፍሉት በጥሬ ገንዘብ ነው። የሆቴል ሂሳብ በካርድ ከከፈሉ ግን 10,000 ፍራንክ 56 ዶላር ከ27 ሳንቲም መሆኑን ይያዙ።

ለነጋዴ ደግሞ ሂሳቡ ከፍ ይላል። ጎረቤቴ ከአንድ ሱቅ ብቻ የ5,000 ድርሃም ልብስ ብትገዛ፣ በትክክለኛው ተመን 1,361 ዶላር ነው። እኔ በተቆረጠብኝ በ3.50 ሂሳብ ግን 1,428 ይሆናል። ልዩነቱ 67 ዶላር ነው። አራት ሱቅ ብትገባ የአንድ ሻንጣ ትርፏ እዚያው ቀረ።

ቱርክ፣ ሕንድ፣ ኬንያ የሚሄድ ሰው ይህ ዕድል የለውም፤ የእነዚህ አገሮች ገንዘብ ይወጣል ይወርዳል። እዚያ ከመክፈል በፊት የቪዛን ወይም የማስተርካርድን የዕለቱን ተመን በስልክ ማየት ነው። ቻይና ለሚሄድ ነጋዴ መንገዱ ትንሽ ለየት ይላል። እዚያ ሱቅም ታክሲም የሚከፈለው በስልክ ነው። አሊፔይና ዊቻት ላይ የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ማያያዝ ይቻላል፣ ከመክፈላችሁ በፊት ግን የሚጨመር ኮሚሽን ካለ ስክሪኑ ላይ እዩ።

ደረሰኝ ስታነቡ ከቁጥሩ አጠገብ ያሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት እዩ። ሁለቱ የአገሩ ናቸው፣ ሦስተኛው የገንዘቡ። ድርሃም ኤ፣ ኢ፣ ዲ ነው። ሪያል ኤስ፣ ኤ፣ አር። ዶላር ዩ፣ ኤስ፣ ዲ። ብር ኢ፣ ቲ፣ ቢ። ከመፈረም ወይም የሚስጥር ቁጥር ከማስገባት በፊት እነዚህን ሦስት ፊደላት ማየት ሁለት ሰከንድ ነው። በአገሩ ገንዘብ ካልሆነ እጃችሁን ሰብስቡ።

ምን ብዬ ልንገራቸው ለሚል፣ ካርዱን ከመስጠት በፊት ቀድሞ መናገር ነው። «ድርሃም ኦንሊ» ቢባል ይበቃል። ዐረብኛ ለሚቀናው «ቢር ሪያል» ወይም «ቢድ ድርሃም»። ማሽኑን ወደ እናንተ እንዲያዞሩት ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ሻጩ ራሱ ይመልሰዋል። ሆቴል ስትገቡ የሚሞላው ወረቀት ላይም ትንሽ ሳጥን ልትኖር ትችላለች፤ ሂሳቤ በካርዴ ገንዘብ ይቆረጥ የሚል ስምምነት ያላት። እሷ ላይ ምልክት ከተደረገ ስትወጡ የሚጠይቃችሁ የለም። የእኔም ነገር በዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ቢሳሳቱስ? እዚያው ሳትወጡ «ሰርዙትና በድርሃም ድገሙት» በሉ። መሰረዝ ይችላሉ፤ ቮይድ ይሉታል። ማፈር አያስፈልግም፣ ወረፋው ይቆይ። የቪዛም የማስተርካርድም ደንብ ምርጫው የካርዱ ባለቤት ነው ይላል። አይሆንም ካሉ ደረሰኙን ፎቶ አንሱት፣ ምርጫ እንዳልሰጧችሁ ጻፉበት፣ አገር ስትገቡ ባንካችሁ አቤቱታ እንዲያቀርብላችሁ ጠይቁ። ካርዱን የሰጠው ባንክ የከፈላችሁትን ተከራክሮ የሚያስመልስበት አሠራር አለ። የእኔን ዓይነት የተፈረመ ወረቀት ካለ ግን ክርክሩ ይከብዳል።

ኤቲኤም ፊት ሲቆሙ

ለሐጅና ለዑምራ የሚሄዱ እናቶቻችንና አባቶቻችን በብዛት የሚያገኛቸው ይህኛው ነው። ሱቅ ውስጥ ቢያንስ የሚያነጋግሩት ሰው አለ። ኤቲኤም ፊት ግን ከኋላ ሰው ቆሟል፣ ፀሐይ ነው፣ ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ ነው።

ማሽኑ የሚወጣውን ሪያል ከጠየቀ በኋላ አንድ ተጨማሪ ገጽ ያመጣል። ገጹ ላይ ተመን አለ፣ ከሥሩ ሁለት ምርጫ። አንዱ «አክሰፕት ኮንቨርዥን» ወይም «ዊዝ ኮንቨርዥን» ይላል። ሌላው «ዲክላይን ኮንቨርዥን» ወይም «ዊዝአውት ኮንቨርዥን»። ሰው የሚፈራው «ዲክላይን» የምትለዋን ነው። እምቢ ካልኩ ካርዴን ይበላዋል፣ ገንዘቡም አይወጣም ብሎ ያስባል። አብሽሩ፣ ገንዘቡ ይወጣል። እምቢ የተባለው የማሽኑ ምንዛሪ ብቻ ነው። ሪያሉ ይቆጠራል፣ ምንዛሪውን ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ይሠራዋል።

እናቴን ሳለማምድ ወረቀት ላይ ስክሪኑን ሣልኩላት። ሁለት ሳጥን፣ ሁለት ቃል። «ዲ ያለበትን ንኪ» አልኳት። ቅለቱ ያን ያህል ነው። ልጆች፣ አያቶቻችሁ ከመነሳታቸው በፊት አንድ ከሰዓት ቁጭ ብላችሁ ይህን አሳዩአቸው። እዚያ ደርሰው የማያውቁትን ሰው ከሚለምኑ፣ የሚስጥር ቁጥራቸውንም ለሌላ ከሚናገሩ፣ እዚህ ቤት ቢለማመዱት እጅግ ይሻላል።

ኤቲኤም ላይ ሌላው ጉዳይ በየጊዜው የሚቆረጠው ነው። የማሽኑ ባለቤት ባንክ ሊያስከፍል ይችላል፣ የራሳችን ባንክም ያስከፍላል። ይህ ክፍያ ብዙ ጊዜ በመጠን ሳይሆን በአንድ ጊዜ ተብሎ የተቆረጠ ነው። ለምሳሌ በአንድ ጊዜ 5 ዶላር ነው እንበል። 50 ዶላር አራት ጊዜ ያወጣ ሰው 20 ዶላር ከፈለ፤ ካወጣው 10 በመቶ ማለት ነው። 200ውን በአንዴ ያወጣው 5 ብቻ ከፈለ። ስለዚህ ጠቀም አድርጎ ማውጣትና በጥንቃቄ መያዝ ነው። ቀሪ ሂሳብ ለማየት ብቻ ካርድ መክተትም ሊያስቆርጥ ስለሚችል አስቀድማችሁ ባንካችሁን ጠይቁ።

ከደሴ ሳይወጡ የሚሠራው

እስካሁን የተናገርኩት ድርሃምን ወደ ዶላር ስለማድረግ ነው። ከዚያ በፊት ግን ብራችን ዶላር ሆኗል፤ እዚሁ ደሴ፣ ባንኩ መስኮት ላይ። እዚያ የሚጠፋው ገንዘብ ከዱባዩ ሊበልጥ ይችላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። ከዚያ ቀን በፊት ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። በዚያው ዕለት ወደ 74 ገባ፣ ቆይቶም 100ን አለፈ። ለተጓዥ ዋናው ለውጥ ግን ሌላ ነው። ባንኮች ተመናቸውን እየራሳቸው ያወጣሉ። የአንዱ ከሌላው ይለያል። ድሮ የትኛውም ባንክ ብትሄድ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ አሁን መዞር ያዋጣል። በአንድ ዶላር የሁለት ብር ልዩነት 1,000 ዶላር ላይ 2,000 ብር ነው። ፒያሳ ላይ ካንዱ ባንክ ወደ ሌላው ለመሄድ ባጃጅም አያስፈልግም።

ስትጠይቁ የሚታየው «የመሸጫ» ተመን ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥር አለ። መግዣው ባንኩ ከእናንተ ዶላር የሚገዛበት ነው፣ መሸጫው ለእናንተ የሚሸጥበት። እናንተ ገዢ ናችሁ፤ ስለዚህ መሸጫውን እዩ። ከዚያ ኮሚሽኑን ጠይቁ፣ ምክንያቱም ተመኑ ዝቅ ያለ ሆኖ ኮሚሽኑ የሚያካክሰው ባንክ አለ። ጥያቄዬ ሁሌ አንድ ናት፤ «1,000 ዶላር ካርዱ ላይ እንዲገባልኝ ከሂሳቤ በጠቅላላው ስንት ብር ይወጣል?» ይህን ለሦስት ባንክ ጠይቃችሁ ሦስቱን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፉ። ማወዳደር የሚቻለው ያኔ ነው።

ካርዱ ላይም ጥያቄ አለ። ውጭ አገር በተከፈለ ቁጥር ስንት በመቶ ይቆረጣል? ኤቲኤም ላይስ? ካርዱ በዶላር ነው በሌላ ገንዘብ? የተረፈውን ስመልስ በምን ተመን ትገዙኛላችሁ? ይህ የመጨረሻው የሚረሳ ነው። የተረፈ ዶላር ወደ ብር ሲመለስ በመግዣ ተመን ነው፣ የተገዛው ግን በመሸጫ። በመሃል ያለው ልዩነት ከእናንተ ይሄዳል። በቅርቡ እንደገና የምትሄዱ ከሆነ ካርዱ ላይ ማቆየት የሚፈቀድላችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

በብር የሚሠራውን የተለመደውን የኤቲኤም ካርዳችሁን ተማምናችሁ ግን አትነሱ። ካርዱ ላይ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ምልክት ቢኖርም እንኳ ለውጭ አገር ካልተከፈተ አይሠራም። ባንኩ እንዲከፍተው አስደርጉ፣ የምትሄዱበትንም አገር ንገሯቸው። ጥቂት ጥሬ ዶላር በሕጋዊ መንገድ ከባንክ መያዝም ጥሩ ነው፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር አለና። እዚያ ስትመነዝሩት ያው 3.67ን አስታውሱ። «ኮሚሽን የለም» የሚል ሰሌዳ ያለው ቤት ትርፉን ተመኑ ውስጥ ነው ያስገባው፤ በተለይ አየር ማረፊያ ውስጥ። ለ100 ዶላር ስንት ድርሃም እንደሚሰጧችሁ ጠይቁና 367ን አስቡ።

ከውጭ ለሚመጡ ዘመዶቻችንም ነገሩ ያው ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል። እህታችሁ የአሜሪካ ካርድ ይዛ ደሴ ብትመጣና ኤቲኤም ላይ በዶላር ልቁረጥልሽ የሚል ጥያቄ ቢመጣባት፣ በብር ትበል። የራሷ ባንክ ለውጭ አገር ግብይት የሚያስከፍለው ካለ አስቀድማ ትጠይቅ። አውሮፓ ያሉት ትንሽ ይሻላቸዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማሽኑ የሚጨምረውን ትርፍ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን ጋር አነጻጽሮ በመቶኛ እንዲያሳይ አስገድዷል። ይህ ደንብ በሌሎችም አገሮች ቢኖር ምንኛ ደግ ነበር። ሰው ቁጥሩን ካየ ራሱ ይፈርዳል።

ጎረቤቴ ማክሰኞ ከኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ተነሳች። ከመሄዷ በፊት የካርዱ ፖስታ ላይ በትልቁ 3.67 ጽፋበታለች። ሐሙስ ማታ የደረሰኟን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። 735 ድርሃም ይላል፤ ዶላር የሚል ነገር የለበትም። ከሥሩ የስልኳን ማስያ ፎቶ አድርጋለች፤ 200 ዶላር ከ27 ሳንቲም።

ቀጥላ በድምፅ መጣች። «ባንኩ ግን 204 ዶላር ብሎ ነው መልእክት የላከልኝ። አራቱ ዶላር የት ሄደ?»

«ባንኩ መስኮት ላይ ሳለሽ፣ ውጭ በተከፈለ ቁጥር 2 በመቶ ይቆረጣል አላሉሽም?» አልኳት።

«አዎ፣ ብለውኛል።»

«እሱ ነው። በዶላር ብትይም አይቀርልሽም ነበር፤ የማሽኑ ትርፍ ከላዩ ይጨመር ነበር እንጂ።»

ትንሽ ቆይታ ሌላ ጠየቀችኝ። ሆቴሉ ስትገባ 500 ድርሃም መያዣ ይዞባታል፣ ካርዱ ላይም 136 ዶላር ጎድሏል። «ወሰዱት ማለት ነው?»

«አልወሰዱትም፣ አስረውታል። ቁልፉን ስትመልሺ መያዣውን ልቀቁት በያቸው፣ የለቀቁበትንም ወረቀት ተቀበዪ። ካርድሽ ላይ እስኪታይ ቀናት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ እንደሌለሽ ቁጠሪውና በቀረው ግዢ።»